አባ ፈንጣጣ፦ የብፁዕ ካርዲናል ማስያስ ሕይወትና የሕሙማን አገልግሎታቸው

በአዲሎና በአካባቢው ባሉ የከምባታና የሐዲያ ከተሞች በገበያ ቀን ዕድሜያቸው የገፋውን አባቶችና እናቶች ልብ ብሎ ለተመለከተ፣ ፊታቸው በትንንሽ ጠባሳ የተበሳሳ ሰዎች ዛሬም አልፎ አልፎ ያጋጥሙታል። ልጆች ምክንያቱን አያውቁትም፤ ቢጠይቁም መልሱ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ፈንጣጣ። ይህ ቃል በአያቶቻችን ዘመን ቤት የሚያዘጋ፣ መንደር የሚያስለቅቅ፣ እናትን ከልጇ የሚለይ ቃል ነበር። በዛሬው ትውልድ ጆሮ ግን ባዶ ድምፅ ሆኗል። ቃሉ ባዶ ድምፅ እስኪሆን ድረስ ብዙዎች ደክመዋል። በሀገራችን በዚህ ሥራ ቀድመው ከተሰለፉት አንዱ ደግሞ የሕክምና ሊቅ ሳይሆኑ የካፑቺን ማኅበር መነኩሴና ጳጳስ ነበሩ። የታሪክ መጻሕፍት ካርዲናል ጉሊየልሞ ማሳያ ይሏቸዋል፤ የሀገራችን ሰው አቡነ ማስያስ ብሎ ያስታውሳቸዋል፤ የከተቧቸው ሰዎች ግን አባ ፈንጣጣ ብለው ጠሯቸው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ እትም የእኚህን አባት ሕይወት፣ በተለይም ብዙ ጊዜ ባጭሩ የሚታለፈውን የሕሙማን አገልግሎታቸውን እናስታውሳለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከገዳም ወደ ሆስፒታል

ሎሬንዞ አንቶኒዮ ማሳያ ጁን 8 ቀን 1809 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ፣ በፒየሞንቴ ግዛት፣ ከአስቲ ከተማ ብዙም በማትርቀው በፒዮቫ መንደር ተወለዱ። መንደሪቱ ዛሬ በስማቸው ፒዮቫ ማሳያ ትባላለች። በ1826 ዓ.ም. ወደ ካፑቺን ማኅበር ገብተው ጉሊየልሞ የሚለውን ስም ያዙ፤ በ1832 ዓ.ም. መዓርገ ክህነት ተቀበሉ።

ከክህነታቸው በኋላ የተሰጣቸው አገልግሎት መላ ሕይወታቸውን የሚቀርጽ ሆነ። ከ1834 እስከ 1836 ዓ.ም. በቶሪኖ ከተማ በሚገኘው በማውሪዚያኖ ሆስፒታል የሕሙማን ካህን ሆነው ተመደቡ። ሥራቸው ኑዛዜ መስማት፣ ቅዱስ ቁርባን ማቀበልና የሚሞቱትን ማጽናናት ነበር። እርሳቸው ግን በሐኪሞቹ አጠገብ ቆመው ቁስል እንዴት እንደሚታጠብና እንደሚታሰር፣ መግል የቋጠረ እብጠት እንዴት እንደሚከፈት፣ ቀላል ቀዶ ጥገና እንዴት እንደሚሠራ በትኩረት ተመለከቱ። ከሆስፒታሉ ሲወጡ የሐኪም ማስረጃ አልያዙም፤ በሽተኛን ሳይጸየፍ የሚነካ እጅ ግን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ እስከ 1846 ዓ.ም. በማኅበራቸው ትምህርት ቤት ፍልስፍናና ነገረ መለኮት አስተማሩ። ነገር ግን በኋለኛው የኢትዮጵያ ሕይወታቸው፣ ከዐሥር ዓመቱ የመምህርነት ዘመን ይልቅ የሁለት ዓመቱ የሆስፒታል አገልግሎት ይበልጥ እንደ ጠቀማቸው እንመለከታለን።

ስድስት ዓመት የፈጀ መንገድ

በኢትዮጵያ ብዙ የተዘዋወረው ተመራማሪ አንትዋን ዳባዲ ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያውያን መልእክተኞች እንዲላኩ ሮማን ለምኖ ነበር። በዚህም መሠረት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ በ1846 ዓ.ም. ለኦሮሞ ምድር ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቋሙና አባ ጉሊየልሞን የመጀመሪያው ኃላፊ አድርገው መረጧቸው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ሮማ ውስጥ የጵጵስና መዓርግ ተቀበሉ፤ ዓመቱም ሳያልቅ ምጽዋ ደረሱ።

ከምጽዋ እስከ ኦሮሞ ምድር የነበረው መንገድ ግን በእግር ከሚቆጠረው ርቀት በላይ ረጅም ሆነባቸው። ሀገሪቱ በመሳፍንት ጦርነት ተከፋፍላ ነበር፤ የሃይማኖት ውዝግቡም የበረታ ስለ ነበረ የሰሜኑ መንገድ ተዘጋባቸው። በዚህ የመጠባበቅ ዘመን፣ በጃንዋሪ 1849 ዓ.ም.፣ በምጽዋ በምስጢር ለአባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ የጵጵስና መዓርግ ሰጡ። እኚህ አባት በ1975 ዓ.ም. ቅድስናቸው የታወጀው ቅዱስ ዮስጢኖስ ናቸው። አቡነ ማስያስ በሰሜን በኩል ማለፍ እንደማይችሉ ሲያውቁ ወደ ግብፅ ተመለሱ፤ የነጋዴ ልብስ ለብሰው፣ ስማቸውንም ለውጠው የዓባይን ወንዝ ተከትለው በሱዳን በኩል መጡ። ጎጃምን አቋርጠው፣ ዓባይን ተሻግረው በኖቬምበር 1852 ዓ.ም. ጉዱሩ ገቡ። ሮማን ከለቀቁ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር።

በጉዱሩ ያገኟቸው ሰዎች ጳጳስ ምን እንደሆነ የሚጠይቁ አልነበሩም። የእንግዳው ሰው ቋንቋ የተሰባበረ፣ ልብሱ ያረጀ፣ እግሩም ባዶ ነበረ። ቁስል ያለበትን ሰው ሲያዩ ግን ጎንበስ ብለው ያጥቡ ነበር። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም።

ፈንጣጣ ምን ዓይነት በሽታ ነበር

የአቡነ ማስያስን ሥራ ክብደት ለመገመት በሽታውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ያየው ሰው እየጠፋ ነውና።

የፈንጣጣ መንስኤ ቫይረስ ነው። በሽታው ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ዐሥራ ሁለት ቀን ያህል ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ከዚያም በድንገት ብርቱ ትኩሳት፣ የራስ ምታትና የወገብ ቁርጥማት ይነሣል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በአፍ ውስጥና በፊት ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ ወደ ክንድና ወደ እግርም ይዛመታል፤ መዳፍንና ውስጥ እግርን ሳይቀር ይሸፍናል። ሽፍታው መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎም መግል ይቋጥርና በመጨረሻ ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል። ከጉድፍ የሚለይበትም መንገድ አለ። በፈንጣጣ ጊዜ በአንድ የሰውነት ክፍል ያሉት ሽፍታዎች ሁሉ እኩል ይበስላሉ፤ ብዛታቸውም በፊት፣ በእጅና በእግር ላይ ነው። ጉድፍ ግን ደረትና ጀርባን ያበዛል፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ገና ይወጣል።

ከባዱ የፈንጣጣ ዓይነት ከያዛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱን ያህል ይገድል ነበር። የተረፉትም ብዙዎቹ ፊታቸው ጠባሳ ይዞ ቀረ፤ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡም ነበሩ። በሽታው ከተነሣ በኋላ የሚያድን መድኃኒት አልነበረም። ሽፍታው ሲፈነዳና ሲታከክ ደግሞ ባክቴሪያ በተከፈተው ቆዳ ገብቶ በቁስል ላይ ቁስል ይጨምር ነበር።

አያቶቻችን ግን እጃቸውን አጣምረው አልተቀመጡም። ፈንጣጣ አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ዳግመኛ እንደማይያዝ ያውቁ ነበር። ስለዚህ በሀገራችን በልዩ ልዩ ቦታ፣ በሽታው ቀለል ብሎ ከያዘው ሰው ቁስል ጥቂት መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጫር በማድረግ ያስገቡ ነበር። ይህ አሠራር ከብልህ አስተውሎት የመነጨ ነው፤ ብዙዎችንም አትርፏል። ጉድለቱ ግን የሚያስገቡት እውነተኛውን ፈንጣጣ መሆኑ ነው። አንዳንዱ በዚያው ይሞታል፤ ቀለል ብሎ የታመመውም በሽታውን ለጎረቤቱ ያስተላልፋል።

ከክንድ ወደ ክንድ

እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ዓ.ም. የተሻለ መንገድ አሳይቶ ነበር። ላም የሚያልቡ ሰዎች ከላም ጡት የሚይዛቸው ቀላል ሽፍታ ከፈንጣጣ እንደሚጠብቃቸው ተመልክቶ፣ ከዚያ ሽፍታ ፈሳሽ ወስዶ በአንድ ልጅ ክንድ ላይ ከተበ። ልጁ ኋላ ፈንጣጣ አልያዘውም። ይህ አዲስ ክትባት ሰውየውን እንደ ቀድሞው ለሞት አያጋልጥም፤ ፈንጣጣንም ወደ ሌላ አያዛምትም።

አቡነ ማስያስ ወደ ሀገራችን ያመጡት ዕውቀት ይህ ነበር። ሥራው በዚያ ዘመን ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበረ እናስብ። ማቀዝቀዣ የለም፤ ፈሳሹ በሙቀት ኃይሉን ያጣል። በየትኛውም ሀገር የነበሩ ከታቢዎች ክትባቱን በሕይወት ለማቆየት የነበራቸው አንዱ ብልሃት ከክንድ ወደ ክንድ ማሻገር ነበር። አንድ ልጅ ይከተባል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቀይ እብጠት ይወጣል፤ በሰባተኛውና በስምንተኛው ቀን ጥሩ ፈሳሽ ይቋጥራል። ያን ጊዜ ልጁ ተመልሶ ይመጣና ከእርሱ ክንድ ለሚቀጥሉት ይወሰዳል። እናቲቱ ልጇን ይዛ በቀጠሮው ካልተመለሰች ሰንሰለቱ ተበጠሰ ማለት ነው። ስለዚህ ለክትባቱ ከሚያስፈልገው ስለት ይልቅ የሚያስፈልገው የእናቶች አመኔታ ነበር። አሠራሩም ከአደጋ የጸዳ አልነበረም፤ ሌላ በሽታ ያለበት ልጅ ከሆነ ያ በሽታ አብሮ ሊሻገር ይችላል። የተዋህስያን ምንነት በሚገባ ባልታወቀበት በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

አመኔታውን ግን አገኙ። ከጉዱሩ ጀምሮ በኦሮሞ ግዛቶች፣ ኋላም በሸዋ፣ ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እርሳቸው ይመጡ ነበር። አባ ፈንጣጣ የሚለው ስም የመጣውም ከዚህ ነው። በሀገራችን ወግ አባ ብሎ መሰየም የአንድ ነገር ጌታ ነህ ማለት ነው፤ ፈረስ ያለውም፣ ጦር የሚመራውም እንዲሁ ይጠራል። እርሳቸው የተሰየሙት በፈረስም በጦርም አልነበረም፤ ሁሉ በሚሸሸው በሽታ ነበር።

ቃሉ ራሱ የሚያሳስበን ነገር አለ። ክታብም ክትባትም ከተበ ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው። ክታብ በብራና ተጽፎ በአንገት ይንጠለጠላል፤ ክትባት በክንድ ሥጋ ላይ ይጻፋል። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ አባ ፈንጣጣ ሲያመጡ፣ አንዳንዶቹ ይህን አዲስ ነገር እንደ ክታብ ኃይል ያለው ምስጢር አድርገው ቢያዩት አይደንቅም። የአቡነ ማስያስ ፈተና እዚህ ላይ ነበር። ሕዝቡ ለክንዱ ሲል ይከተላቸዋል፤ እርሳቸው ደግሞ የመጡት ለነፍሱ ነው። ክትባትን ለእምነት መግዣ ማድረግ ቀላል ነበር። ነገር ግን በክንድ የሚገዛ እምነት ቅርፊቱ ሲረግፍ አብሮ ይረግፋል። ደጉ ሳምራዊም በመንገድ የወደቀውን ሰው ቁስል ከማሰሩ በፊት ሃይማኖቱን አልመረመረም። ይህን ፈተና ዛሬም በክሊኒኮቻችንና በትምህርት ቤቶቻችን የምናገለግል ሁሉ እናውቀዋለን።

ከከፋ እስከ ሸዋ፣ ከሸዋ እስከ ስደት

አቡነ ማስያስ ከጉዱሩ አልፈው ወደ ሊሙ እናርያና ወደ ሌሎቹ የጊቤ መንግሥታት፣ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ እስከ ከፋ ዘለቁ። በ1861 ዓ.ም. ከከፋ ተባረሩ፤ በ1863 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ተይዘው ከቆዩ በኋላ ተለቀው ወደ አውሮፓ ተመለሱ። በዚያ በነበሩበት ጊዜም አላረፉም። የአማርኛንና የኦሮምኛን ሰዋስው ለሚስዮናውያን አዘጋጅተው በ1867 ዓ.ም. በፓሪስ አሳተሙ።

በ1868 ዓ.ም. ሸዋ ደረሱና በልቼ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ተገናኙ። ንጉሡ አክብረው ተቀበሏቸው፤ ወደ ኦሮሞ ምድር እንዲያልፉ ከመፍቀድ ይልቅ አማካሪ አድርገው በአጠገባቸው አቆዩዋቸው። በፊንፊኔ ብርብርሳ በተባለው ስፍራ ለሚስዮኑ ቦታ ተሰጠ፤ አዲስ አበባ ገና ባልተመሠረተችበት ዘመን ማለት ነው። በሸዋ ቆይታቸው ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል በስብከት፣ በማስተማርና በማከም አሳለፉ።

እውነቱን ላለመሸፋፈን፣ እኚህ አባት የዘመናቸው ሰው እንደ ነበሩ መናገር ተገቢ ነው። በምኒልክና በኢጣልያ መካከል በነበረው ግንኙነት እጃቸው ነበረበት፤ ያ ግንኙነት ከእርሳቸው ሞት በኋላ ወዴት እንዳመራ የዐድዋ ታሪክ ይናገራል። በጽሑፎቻቸው ውስጥም ስለ ሀገራችን ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን የሰጡት ፍርድ የበረታና ዛሬ እኛ የማንደግመው ነው። የሰውን ቅንነት ስናመሰግን ጉድለቱን መደበቅ አያስፈልገንም።

በ1879 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አቡነ ማስያስን ወደ ደብረ ታቦር አስጠርተው ከሀገር እንዲወጡ አዘዙ። ዕድሜያቸው 70 ደርሶ ነበር። ደካማ ሰውነታቸውን ይዘው በመተማና በሱዳን በረሃ በኩል ወጡ፤ ወደ ኢትዮጵያም ዳግመኛ አልተመለሱም። ቪካሪያቱን ተተኪያቸው አቡነ ታውሪን ካኛ ተረከቡ።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1884 ዓ.ም. የካርዲናልነት መዓርግ ሰጧቸው። ማስታወሻዎቻቸው በስደቱ ስለ ጠፉባቸው፣ የሠላሳ አምስት ዓመት አገልግሎታቸውን ከትዝታቸው እያወጡ ጻፉ፤ ሥራው በ12 ቅጽ ከ1885 እስከ 1895 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። የመጨረሻዎቹን ቅጾች ግን አላዩአቸውም። ኦገስት 6 ቀን 1889 ዓ.ም. በናፖሊ አቅራቢያ በሳን ጆርጆ አ ክሬማኖ ዐረፉ። ዐፅማቸው ከሮማ ብዙ በማይርቀው በፍራስካቲ የካፑቺን ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ የክርስቲያናዊ ምግባራቸውን ልቀት በይፋ መስክረውላቸዋል።

የእኛም አካባቢ ከዚህ ታሪክ የተለየ አይደለም። እርሳቸው ከመሠረቱት ቪካሪያት የወጡ የፈረንሳይ ካፑቺናውያን በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ ከምባታ መጥተው ወንጌልን አስተምረዋል። የሆሳዕና ሐዋርያዊ ቪካሪያትም በ2010 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ተቋቁሟል።

ሰንሰለቱ የት ደረሰ

አባ ፈንጣጣ ከሀገራችን ሲወጡ ፈንጣጣ አልወጣም። ከእርሳቸው በኋላ ዘጠና ሰባት ዓመት ያህል ቆየ። በ1971 ዓ.ም. በሀገራችን የማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ፣ ኋላም በሄሊኮፕተር ተዘዋወሩ። በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ የታመመ ልጅ ሥዕል እያሳዩ እንዲህ ያለ በሽተኛ የት እንዳለ ይጠይቁ ነበር። በሽታውን በመልኩ ማወቅ ከመርፌው እኩል መሣሪያ ሆነ፤ በሽተኛው ከተገኘ በኋላ በዙሪያው ያሉት ሁሉ ይከተባሉና። በሀገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በኦገስት 1976 ዓ.ም. ነው። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር በሶማልያ በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው ተገኘ። ሜይ 8 ቀን 1980 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ ታወጀ።

ፈንጣጣ ቢጠፋም የቆዳ በሽታ ግን አልጠፋም፤ በየቤታችን ካለው ብዙው በባክቴሪያና በእከክ የሚመጣ ነው። በሕጻናት አፍና አፍንጫ ዙሪያ የሚወጣው፣ ሲፈነዳ ማር የመሰለ ቅርፊት የሚሠራው ቁስል፣ ብጉንጅ፣ እንዲሁም እግር ላይ ቆዳው ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ የሚዛመተው ሕመም ሁሉ በጊዜ ከታዩ ይድናሉ። ቁስልን በንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ ጥፍርን መቁረጥ፣ ፎጣ አለመዋዋስ፣ ብጉንጅን በእጅ አለመጭመቅ፣ አመድ ወይም እበት አለመቀባት የማንም ቤት አቅም ነው። ትኩሳት ከመጣ፣ መቅላቱ በፍጥነት ከሰፋ፣ በዓይን ዙሪያ ካበጠ፣ ወይም ታማሚው ጨቅላ ሕጻን ወይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የታዘዘውን አንቲባዮቲክ ሻል ሲል ማቋረጥ ወይም ለጎረቤት ማካፈል አይገባም፤ ቫይረስ ላመጣው ሽፍታም አይሠራም። በአካባቢያችን በዝሆኔ እግራቸው ያበጠ ወገኖችም፣ በተሰነጣጠቀው ቆዳ ባክቴሪያ እየገባ በትኩሳት ይጥላቸዋል፤ እግርን በየቀኑ ማጠብና ጫማ ማድረግ ይህን ይቀንሳል። ነጣ ወይም ቀላ ብሎ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካለ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና ይመርመር። ይህም በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒት ፈጽሞ የሚድን በሽታ ነው፤ መድኃኒቱም ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ወገኖቻችን በቆዳቸው ምክንያት ሲታመሙ ከቁስሉ ይልቅ የሚያማቸው የሰው ዓይን ነው። በቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር ላይ ፈቀቅ የሚባልበት፣ በሠርግ ቤት ለብቻው የሚቀዳለት፣ ልጁ በሌሎች ልጆች የማይቀርብበት ሰው በመካከላችን አለ። አቡነ ማስያስ ከቶሪኖ ሆስፒታል ይዘውት የመጡት ትልቁ መድኃኒት ክትባቱ አልነበረም፤ እርሱን ዛሬ ከእርሳቸው ይበልጥ የሚያውቁ የጤና ባለሙያዎች በየቀበሌው አሉ። የእርሳቸው መድኃኒት፣ ሌላው ሲሸሽ መቅረብ ነበር፤ እርሱንም ለመስጠት ማንም ማስረጃ አያስፈልገውም።

በሚመጣው የገበያ ቀን ፊታቸው ጠባሳ ያለበትን አንዲት እናት ብታገኙ ቆም ብላችሁ ሰላምታ ስጡ። ልጆቻችሁንም ስለዚያ ጠባሳ ንገሯቸው፤ የክትባት ቀጠሯቸውንም አትዘንጉ። እግዚአብሔር ሕሙማኖቻችንን ይማርልን፤ ለእኛም የማይጸየፍ እጅ ይስጠን።